የኃያላን መንግሥታት ጉልበትና ሀብት፤ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ የተደረገ ዳሰሳ

የዓለም ኃያላን መንግሥታት በጦር ኃይልና በሀብት ሲነጻጸሩ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ መመርመር ከጥንት ጀምሮ የነገሥታት አማካሪዎችንና የታሪክ ጸሐፍትን ሲያደክም የኖረ ሥራ ቢሆንም፥ በዘመናችን የሚቀርብልን መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሰንጠረዥ ነው፤ ይኸውም የወታደሩ ቁጥር፥ የታንኩና የመድፉ ልክ፥ የአውሮፕላኑና የመርከቡ ብዛት፥ ከዚያም የዓመቱ ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት በየዓምዱ ይሰፍርና ድምሩ ተሰልቶ አንደኛ፥ ሁለተኛ፥ ሦስተኛ እየተባለ ማዕረግ ይታደላል። እንዲህ ያለው መዝገብ ጥቅም የለውም አልልም፤ የሀብትን መጠን ሳያውቁ ስለ ጉልበት መናገር ከንቱ ነውና። ነገር ግን መዝገቡ የሚነግረን መንግሥቱ በግምጃ ቤቱ ያከማቸውን ነው፤ ካከማቸው ውስጥ ምን ያህሉን አውጥቶ፥ ባሕርና ተራራ አሻግሮ፥ በሩቅ ሜዳ ሊያቆመውና ለስንት ወር ሊቀልበው እንደሚችል ግን አይነግረንም። እኔ የኃያላን እውነተኛ ሚዛን በዚህ በሁለተኛው ነገር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም እምነት ምስክር አድርጌ የምጠራው የመቀሌንና የዙሪያዋን ታሪክ ነው።

ዛሬ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ከሚገኝበት ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ቆሞ ዙሪያውን ለሚመለከት ሰው፥ በደቡብ በኩል የሕንጣሎ ሜዳና አምባ አራዶም፥ ከእነርሱም አልፎ አምባ አላጌ፥ በሰሜን በኩል ደግሞ ወደ አዲግራትና ወደ መረብ የሚወስደው የቀድሞው የጦር መንገድ ይገኛል። ከ1860 እስከ 1936 ዓ.ም. ባሉት ሰባ ስድስት ዓመታት ውስጥ የእንግሊዝ፥ የግብፅና የኢጣሊያ ኃይሎች በዚህ መንገድ ላይ ወይም ወደዚህ መንገድ ሲገሰግሱ ተመዝነዋል፤ አንዳንዱም ከአንድ ጊዜ በላይ ተመዝኗል። በአንድ አውራጃ ውስጥ ይህን ያህል የባዕድ መንግሥት ጉልበት በተግባር የተፈተነበት ስፍራ በአፍሪካ ምድር ብዙ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው የእንግሊዝ ነው። ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሯቸውን አውሮፓውያን ለማስፈታት ከቦምቤይ ተነሥቶ በዙላ ወደብ በወረደ ጊዜ የነበረው ተዋጊ ሠራዊት 13,000 ያህል ብቻ ነበር፤ ይህም ቁጥር በዘመኑ በነበረው በኢትዮጵያ መሳፍንት የክተት ልማድ ቢመዘን የሚያስደነግጥ አልነበረም። ከዚህ ሠራዊት ኋላ የተሰለፈው ንዋየ ሐቅል ግን ሌላ ዓይነት ነገር ነበር፤ አርባ አራት ዝሆኖች መድፍ ተሸክመው ተራራ ይወጣሉ፥ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ በቅሎዎችና ግመሎች ስንቅ ያመላልሳሉ፥ ከወደቡ ወደ ተራራው ግርጌ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል፥ በወደቡ ላይ የቆሙ መርከቦች የባሕሩን ውሃ በእንፋሎት እያጠሩ ለሰውና ለከብት የሚጠጣ ውሃ ያወጣሉ፥ ከቪየናም በልዩ ትእዛዝ የተቀረጸ የማርትሬዛ ብር በሣጥን በሣጥን ተጭኖ ይመጣል። እንደርታ ሲደርሱ ሕንጣሎን ዋና የስንቅ ማከማቻ አደረጉት፤ የአገሩም ገበሬ ገብሱን፥ ሣሩንና ማገዶውን እያመጣ በብር ይሸጥላቸው ነበር። የዘመቻው ወጪ መጀመሪያ ከታሰበው ከሁለት ሚሊዮን ፓውንድ አልፎ ወደ ዘጠኝ ሚሊዮን በተጠጋ ጊዜ የለንደን ፓርላማ የገቢ ግብር ጨምሮ ከፈለ፤ መንግሥቱም አልተናጋም።

ለእኔ የእንግሊዝ ኃያልነት የታየው በመቅደላ አፋፍ በተተኮሰው ሮኬት ሳይሆን በሕንጣሎ ገበያ በተቆጠረው ብር ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያስፈሰሱትን ሴባስቶፖል የተባለውን ትልቅ መድፍ ሕዝብ በጠፍር እየጎተተ፥ ተራራ እየናደ መንገድ እየሠራ ወደ መቅደላ ሲያደርስ፥ ሥራው የጀግንነትና የጽናት ሥራ መሆኑ የማይካድ ነው፤ ይሁን እንጂ ሠራዊታቸውን የሚቀልቡት ከገበሬው በመንጠቅ ስለ ነበረ፥ በመጨረሻው ዓመት የሚያዝዙት አገር ከሰፈራቸው ዙሪያ አልፎ የማይሄድ ሆነ። ናፒየር ግን ስንቁን እየገዛ ስለ ተጓዘ ጠላት ሳያበዛ አለፈ። የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ውሳኔም፥ ይኸውም በየካቲት 1860 ዓ.ም. በሐውዜን አጠገብ ናፒየርን ተገናኝተው መንገድና ስንቅ መፍቀዳቸው፥ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ በዋጋውም እንግሊዞች ሲመለሱ መድፍና ጠመንጃ ትተውላቸው ሄዱ፥ ያም መሣሪያ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ተብለው ለመንገሣቸው ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ሆነ።

ከስምንት ዓመት በኋላ የመጣው የግብፅ ኃይል በሰንጠረዥ ሲታይ ደካማ አልነበረም። የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማዒል የሬሚንግተን ጠመንጃና የክሩፕ መድፍ ገዝቶ፥ ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖችን ቀጥሮ፥ ሠራዊቱን በአውሮፓ ሥርዓት አደራጅቶ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ ግን በኅዳር 1868 ጉንደት ላይ፥ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ጉራዕ ላይ ድል ነሡት። ብዙ ጊዜ ሲነገር የምንሰማው የጦሩ ሜዳ ታሪክ ነው፤ እኔ ግን አንባቢ ሁለት ቀኖችን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ እንዲያያቸው እሻለሁ። የጉንደት ጦርነት በተደረገበት በዚያው ወር ኢስማዒል በስዊዝ ቦይ የነበረውን የግብፅን ድርሻ በአራት ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ለእንግሊዝ መንግሥት ሸጠ፤ ከጉራዕ ድል በኋላም አንድ ወር ያህል ቆይቶ የመንግሥቱን ዕዳ መክፈል እንዳቃተው ለዓለም አስታወቀ። በብድር የተገዛ ሠራዊት አንድ ሽንፈት የሚችልበት ትከሻ አልነበረውም። ከስድስት ዓመት በኋላ ካይሮ ራሷ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች።

ዐፄ ዮሐንስ መቀሌን መዲናቸው አድርገው፥ ጃኮሞ ናሬቲ የተባለውን ኢጣሊያዊ አናጢ ቤተ መንግሥት ያሠሩት በዚህ ጊዜ ግድም ነው። ስፍራውን የመረጡበት ምክንያት በርከት ያለ ቢሆንም፥ ከአፋር ቆላ የሚወጣው የአርሆ ጨው የሚያልፍበት አገር መሆኑ ከሁሉ የሚያንስ ምክንያት አይደለም። ከምድር ወለል በእጅ እየተፈነቀለ፥ በመጥረቢያ እየተጠረበ፥ በግመል ወገብ ግራና ቀኝ እየታሰረ ዳገቱን የሚወጣው አሞሌ እስከ ሸዋና እስከ ጎጃም ድረስ እንደ ገንዘብ ያገለግል ስለ ነበረ፥ የጨውን መንገድ የያዘ ንጉሥ የገንዘብ ማተሚያ እንደ ያዘ ይቆጠር ነበር። ነገር ግን የአሞሌ ሀብት ከባሕር ወዲህ ያለ ሀብት ነው፤ ጠመንጃና ጥይት የሚገዛው ከባሕር ማዶ ነበረ፥ የባሕሩም በር በሌላ እጅ ነበረ። በግንቦት 1876 በዐድዋ የተፈረመው የሂዌት ውል በምፅዋ በኩል ያለው ንግድ ነጻ እንዲሆን ቃል ቢሰጥም፥ ዓመት ሳይሞላው በጥር 1877 እንግሊዞች ኢጣሊያ ምፅዋን ስትይዝ ዝም ብለው ተመለከቱ። የዐፄ ዮሐንስ የጦር አለቃ ራስ አሉላ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ የኢጣሊያን ጭፍራ ቢደመስሱም፥ ወደቡን ለማስለቀቅ መርከብ ያስፈልግ ነበር፤ እርሱም አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት የሚገባን በ1888 ዓ.ም. የሆነው ነገር በዚህ ጥያቄ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት ስላለው ነው። በሰንጠረዥ ቢሆን ኖሮ ነገሩ የተቆረጠ ነበር። ኢጣሊያ የባሕር ኃይል፥ የመድፍ ፋብሪካ፥ የምድር ባቡርና የቴሌግራፍ መሥመር ያላት፥ ከጀርመንና ከአውስትሪያ ጋር በቃል ኪዳን የተሳሰረች መንግሥት ነበረች፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከክፉ ቀን ገና መውጣቷ ነበር፤ ያም ረኃብ የከብቱን በሽታ ተከትሎ የመጣ ሲሆን፥ በሽታው ለኢጣሊያ ጦር ስንቅ ተብለው በምፅዋ ከወረዱ ከብቶች ጋር መግባቱን የታሪክ ሰዎች ይጽፋሉ። ይሁን እንጂ የኢጣሊያ ሀብት በቅርብ ሲመረመር ውስጡ የተቦረቦረ ነበር፤ አብዛኛው ሕዝቧ ገበሬ፥ የድንጋይ ከሰሏን ከእንግሊዝ የምትገዛ፥ በ1893 እ.ኤ.አ. በሮማ ባንክ ቅሌት የተናወጠች፥ በሲሲሊ ደሴት የተነሣውን የገበሬ ዐመፅ በጦር ኃይል ያበረደች አገር ስለ ነበረች፥ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ ለዘመቻው የሚጠይቀው ገንዘብ ሁሉ በፓርላማ ክርክር እየተቀነሰ ነበር የሚወጣለት። ከዐፄ ዮሐንስ በኋላ የነገሡት ዐፄ ምኒልክ በበኩላቸው በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ ጀምሮ የቡናውን፥ የዝሆን ጥርሱንና የጉምሩኩን ገቢ በጅቡቲ በኩል ወደ ፈረንሳይና ወደ ሌላም አገር ጠመንጃ እየለወጡ ቆይተው ነበር፤ በውጫሌ ውል ምክንያት ከራሷ ከኢጣሊያ ያገኙት ብድርም ለዚሁ ሥራ ውሏል።

በዚያው በ1888 ዓ.ም. ኅዳር 28 ቀን ራስ መኰንን፥ ራስ መንገሻና ራስ አሉላ አምባ አላጌ ላይ የኢጣሊያዊውን የሜጀር ቶዜሊን ጦር ከደመሰሱ በኋላ፥ ሌላው የኢጣሊያ መኮንን ሜጀር ጋሊያኖ ከ1,000 በላይ ከሆኑ፥ አብዛኞቹም የመረብ ማዶ ተወላጆች ከሆኑ አስካሪዎች ጋር በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ቀረ። ምሽጉ ለዚያ ዘመን ጠንካራ ነበር፤ ድንጋዩ የተካበ፥ ዙሪያው በእሾህና በሹል ነገር የታጠረ፥ መድፍ የተጠመደበት፥ በሜዳውም ላይ የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ የሚያይ ነበርና፥ የኢትዮጵያ ወታደር በቀጥታ በገጠመው ጊዜ ብዙ ሰው ወደቀበት። ነገር ግን ምሽጉ የሚጠጣው ውሃ ከቅጥሩ ውጭ ከኮረብታው በታች ነበረ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ምንጮቹ በሌሊት ተያዙ፤ ሊያስለቅቅ የወጣው ሁሉ እየተመታ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የጥይት አልነበረም፤ ውሃው በትንሽ ጽዋ እየተለካ ታደለ፥ የጭነት እንስሶቹ በጥም አለቁ፥ ዱቄቱ ሞልቶ ሳለ የሚያቦካው ውሃ ጠፋ። በጥር አጋማሽ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን መሣሪያውን እንደ ያዘ እንዲወጣ ፈቀዱለት፤ ራስ መኰንንም እየመሩ ወደ ኢጣሊያ ሰፈር አደረሱት። በሰንጠረዥ ላይ የምሽጉ መድፍ ይቆጠራል፥ የጠመንጃው ዓይነት ይጻፋል፤ ከኮረብታው በታች ስላለው ምንጭ የሚጽፍ ግን የለም።

ዐድዋም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ጄኔራል ባራቲዬሪ 17,000 ያህል ወታደርና 56 መድፍ ይዞ ከኢትዮጵያ ሠራዊት ፊት ለፊት ሰፍሮ ሳለ፥ ሁለቱም ወገኖች እኩል የሚፈሩት ረኃብን ነበር፤ በመቶ ሺህ የሚገመተው የኢትዮጵያ ሠራዊት የትግራይን እህል ጨርሶ ነበርና ሌላ ጥቂት ቀን ቢያልፍ መበተኑ የማይቀር ሲሆን፥ የኢጣሊያም ስንቅ ከምፅዋ በበቅሎና በግመል በቀጭን መንገድ ስለሚመጣ ለቀናት የሚበቃ ብቻ ቀርቶ ነበር። ባራቲዬሪ ለማፈግፈግ ቢያስብም የሮማ ቴሌግራምና የጄኔራሎቹ ጉትጎታ ወደ ፊት ገፋው፤ በየካቲት 23 ቀን የሆነው ሁሉ ይታወቃል። ድሉን ያስገኘው ጀግንነት መሆኑን ማንም አያስተባብልም፤ ጀግናው እስከዚያ ቀን ድረስ በሜዳው ላይ እንዲቆይ ያደረገው ግን የእቴጌይቱና የባላባቶቹ ስንቅ ቤት፥ ከሸዋና ከወሎ እስከ ትግራይ በሴቶችና በአገልጋዮች ጀርባ የተጓዘው ዱቄትና በሶ ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ በታሪክ መጻሕፍታችን የተጻፈው እጅግ ያነሰ መሆኑ ያሳዝነኛል። ከድሉ በኋላም ዐፄ ምኒልክ መረብን ተሻግረው ኢጣሊያን እስከ ባሕር አልነዱም፤ ለምን አልነዱም እያሉ የሚወቅሷቸው አሉ፥ እኔ ግን የእህሉን ነገርና የሚመጣውን ክረምት ሳስብ ወቀሳው ከብዶ አይታየኝም።

በሁለቱ የኢጣሊያ ጦርነቶች መካከል ባለው ዘመን ይህን ጥያቄ በአማርኛ በጥልቀት የመረመረው የትግራይ ተወላጅ የሆነው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በልጅነቱ ከምፅዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ሄዶ የተማረ፥ በኋላም በድሬዳዋ የጉምሩክ ሥራ ላይ የተሾመ ሰው በመሆኑ፥ የውጭውን ንግድ በመጽሐፍም በመጋዘንም የሚያውቅ ነበር። ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፉ፥ የመንግሥት ኃይል ምንጩ የሕዝቡ ሥራና ዕውቀት መሆኑን፥ ጥሬ ዕቃውን እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ ሕዝብም ሰንደቅ ዓላማው የራሱ ቢሆን እንኳ በኑሮው የሌላው ተገዢ እንደሚሆን አስረድቷል። የዐድዋ ድል ገና ትኩስ በነበረበት ዘመን ይህን መጻፍ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው የጻፉት መጽሐፍ፥ ከጦርነቱም በኋላ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ያቀረቡት ጥናት በዚሁ መንገድ የተከተሉ ናቸው፤ እኔ ግን ከሦስቱ የገብረ ሕይወትን አስቀድማለሁ፥ ሌሎቹ የሌላውን አገር መሰላል ሲያሳዩን እርሱ የእኛን ጉድለት ከሥሩ ቆፍሮ ስላወጣው።

ማስጠንቀቂያው የተፈጸመው በ1928 ዓ.ም. ነው። ኢጣሊያ በመስከረም 22 ቀን መረብን በተሻገረች ጊዜ ካለፈው የተማረችው ነገር ቢኖር የስንቅና የመንገድ ነገር ነበር፤ የምፅዋን ወደብ አስፋፍታ፥ ከዚያ ወደ ደጋው መንገድ አደላድላ፥ በመጨረሻ ግማሽ ሚሊዮን የሚደርስ ወታደርና ሠራተኛ በሺህ ከሚቆጠሩ የጭነት መኪናዎች ጋር አሰልፋ ነበር። መቀሌ በጥቅምት 28 ቀን ተያዘች፤ ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ አስቀድመው ወደ ጠላት ገብተው ስለ ነበረ ከተማይቱ ሳትዋጋ የጠላት ሰፈር ሆነች። ከዚህ ተነሥቶ በየካቲት ወር በአምባ አራዶም የራስ ሙሉጌታን ጦር፥ በመጋቢት 22 ደግሞ በማይጨው የንጉሠ ነገሥቱን ሠራዊት የመታው ኃይል አውሮፕላንና የሰናፍጭ መርዝ የጨመረ ነበር፤ ሰውን ያለ ልዩነት የሚያቃጥለው ያ መርዝ በአሸንጌ ሐይቅ ዳር በሚያፈገፍገው ሕዝብ ላይ የወረደበት ግፍ በየትኛውም ሚዛን የጉልበት ማስረጃ ተብሎ ሊቆጠር አይገባውም።

ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት ከሁሉ የበለጠው ኃይል በሜዳው ላይ አልነበረም። ኢጣሊያ ከራሷ ምድር የምታወጣው ነዳጅ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፥ ከሰሏም በቂ አልነበረም፥ መርከቦቿም ሁሉ የሚያልፉት እንግሊዝ በምትቆጣጠረው በስዊዝ ቦይ ነበር። የመንግሥታት ማኅበር በኅዳር 8 ቀን የጣለው ቅጣት ነዳጅንና ከሰልን ስላልጨመረ፥ ቦዩም ስላልተዘጋ፥ የሙሶሊኒ መኪናዎች እስከ አዲስ አበባ ደረሱ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰኔ 23 ቀን በጄኔቫ ቆመው ያቀረቡት አቤቱታ በሕግ ረገድ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ በኃይል ረገድ ሲታይ ደግሞ ንግግሩ የቀረበላቸው መንግሥታት አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ፥ ቧንቧውን በመዝጋት ብቻ ጦርነቱን ሊያስቆሙ ይችሉ ነበር። ይህን የምለው እንዲያው በግምት አይደለም፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ሙከራው ተደርጎ ታይቷል። ኢጣሊያ በ1940 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተዋጋች ጊዜ ቦዩ ተዘጋባት፥ በምሥራቅ አፍሪካ ያለው ብዙ መቶ ሺህ ሠራዊቷም ጎማ፥ ነዳጅና መለዋወጫ አጥቶ እንደ ደሴት ብቻውን ቀረ፤ አርበኛው በየጫካው፥ የእንግሊዝና የህንድ ጦር በከረን በኩል ሲገፉት፥ የኢጣሊያ እንደራሴ የነበረው የአዎስታው መስፍን በግንቦት 11 ቀን 1933 አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጠ። ቶዜሊ በወደቀበት ተራራ ላይ ኢጣሊያ ለሁለተኛ ጊዜ ተመዘነች፤ በሁለቱም ጊዜ የጎደላት ጠመንጃ አልነበረም።

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀሪው ታሪክ በዚህ ጥያቄ ላይ ግልጥ ስለ ሆነ አላረዝመውም፤ አሜሪካ በ1944 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ብቻ 96,000 ያህል አውሮፕላን ስትሠራ ጃፓን የሠራችው 28,000 ያህል ነበር፥ ከዓለም ነዳጅም ከግማሽ የሚበልጠው ከአሜሪካ ምድር ይወጣ ነበር። የመቀሌ ሰው ግን ያንን ዘመን የሚያስታውሰው በሌላ ነገር ነው። በ1936 ዓ.ም. መጀመሪያ የወያነ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ ከዐደን የመጡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ከተማይቱንና አካባቢዋን ደበደቡ፤ ናፒየር በሁለት ወር በዝሆን የተጓዘበትን አገር ጥቂት አውሮፕላን በአንድ ቀን ደርሶበት ተመለሰ።

አሁን ወዳለንበት ዘመን ስንመጣ፥ ሰንጠረዡን ማየት ግድ ነው። የስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም እንደሚገምተው በ2024 እ.ኤ.አ. የዓለም መንግሥታት ለጦር ያወጡት 2,718 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፥ ከዚህ ውስጥ አሜሪካ 997፥ ቻይና 314፥ ሩሲያ 149፥ ጀርመን 88፥ ህንድ 86 ቢሊዮን ያህል ድርሻ አላቸው። በጠቅላላ ምርትም በዚያው ዓመት አሜሪካ ወደ 29 ትሪሊዮን ዶላር ስትጠጋ ቻይና ከ18 ትሪሊዮን በላይ ነበረች። በዚህ ልክ ብቻ የሚፈርድ ሰው ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን የቻይና ወታደር ደመወዙን የሚቀበለው በዩዋን፥ የሩሲያም መድፍ የሚሠራው በሩብል ስለ ሆነ፥ በዶላር የተሰላው ቁጥር ገንዘቡ በአገሩ የሚገዛውን ነገር ያሳንሳል፤ በመግዛት ዐቅም ሲሰላ የቻይና ምርት ከአሜሪካ በልጧል። ሩሲያን ደግሞ እንመልከት፤ ምርቷ በ2024 እ.ኤ.አ. በዶላር ሲለካ ከኢጣሊያ ምርት አይበልጥም ነበር፥ ነገር ግን ከየካቲት 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩክሬን ላይ የከፈተችውን ጦርነት ብዙዎች ከገመቱት ይልቅ እያራዘመች የኖረችው ነዳጁም፥ እህሉም፥ ብረቱም፥ የጥይት ፋብሪካውም በቤቷ ስለሚገኝ ነው። የኢጣሊያና የሩሲያ ዶላር ተቀራራቢ ሆኖ ሳለ የመዋጋት ዕድሜያቸው እኩል አለመሆኑ ሰንጠረዡ ከሚሸፍናቸው ነገሮች ዋነኛው ነው።

በአሜሪካና በቻይና መካከል ስላለው ክርክር የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። አሜሪካ ኃይልን ወደ ሩቅ በመውሰድ ረገድ እስከ ዛሬ አቻ የላትም፤ 11 ታላላቅ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች፥ በየክፍለ ዓለሙ የጦር ሰፈር፥ የዓለም ንግድ የሚከፈልበት ገንዘብ አላት። ቻይና ግን የሚጠፋውን የመተካት ዐቅም አላት፤ ዛሬ በዓለም ከሚሠራው የንግድ መርከብ በክብደት ሲለካ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከቻይና የመርከብ መሥሪያ ሲወጣ፥ የአሜሪካ ድርሻ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አጭር ጦርነት ቢሆን የመጀመሪያይቱ፥ የሚራዘም ቢሆን ሁለተኛይቱ የበለጠ ዕድል ያላት ይመስለኛል፤ ይኸውም ቻይና ከውጭ የምታስገባው ነዳጅ የሚያልፍበት የማላካ የባሕር ሰርጥ ካልተዘጋባት ነው። ህንድ በሕዝብ ብዛት ቀዳሚ ሆናለች፤ ፋብሪካዋ ግን ገና ሕዝቧን አልደረሰበትም። አውሮፓ ሀብቷ ሰፊ ሆኖ ሳለ፥ ያን ሀብት በአንድ ትእዛዝ የሚያንቀሳቅስ መንግሥት የላትም።

ይህን ሁሉ በዓይኑ ማየት ለሚፈልግ ከእኛ አቅራቢያ ጅቡቲ አለች። አሜሪካ፥ ፈረንሳይ፥ ጃፓን፥ ኢጣሊያ፥ ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህም ቻይና በውጭ አገር የመጀመሪያ የሆነውን የጦር ሰፈሯን በዚያች ትንሽ አገር አቁመዋል። ይሁን እንጂ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የየመን ሑቲዎች በርካሽ ሰው አልባ አውሮፕላንና በሚሳይል የባብ ኤል መንደብን መንገድ ሲያውኩ፥ እነዚህ ሁሉ ኃያላን በደጃፉ ሰፍረው ሳለ የንግድ መርከቦች አፍሪካን ዞረው ለመሄድ ተገደዱ፤ የስዊዝ ቦይም ገቢ በ2024 እ.ኤ.አ. ከግማሽ በላይ ወደቀ። በሚሊዮን ዶላር የሚገዛ ሚሳይል በጥቂት ሺህ ዶላር የተሠራን አውሮፕላን ለመምታት ሲተኮስ፥ የሀብታሙ ግምጃ ቤት ከድኻው ይልቅ ፈጥኖ የሚጎድልበት ስፍራ እንዳለ ቀይ ባሕር አሳይቷል።

መቀሌም በቅርብ ዘመን ይህን ትምህርት በሥጋዋ ተቀብላለች። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተነሣው ጦርነት አንሥቶ ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት እስከ ተፈረመበት ቀን ድረስ ከሰማይዋ ከውጭ አገር የተገዙ ሰው አልባ አውሮፕላኖች አልጠፉም ነበር። ከእነርሱ ይልቅ ግን በየቤቱ የገባው ሌላው ነው፤ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ባንክ ተዘግቶ፥ ስልክና መብራት ተቋርጦ፥ ነዳጅ ጠፍቶ፥ በባንክ መዝገብ ገንዘብ ያለው ሰው የሚቆርሰው እንጀራ ያጣበት፥ የአይደር ሆስፒታል ሐኪሞች ሊድን የሚችለውን ሕመምተኛ መድኃኒት አጥተው የሚያዩበት ጊዜ ነበረ። በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ዱቄቱ ሞልቶ ውሃ የጠፋበት ነገር፥ በዚህ ጊዜ በንጹሐን ላይ ደረሰ። የኢኮኖሚ ኃይል ስንል ፋብሪካንና ማዕድንን ብቻ የምናስብ ከሆነ፥ መዝጋትና መክፈት የሚችል እጅ የያዘውን ኃይል ረስተናል፤ የጦር ኃይልን ያህል ይገድላልና በሕግ ሊገታ የሚገባው ኃይል ነው።

የኃያላን ጉልበት በዚህች ከተማ የሚታየው ግን በጦርና በመዝጋት ብቻ አይደለም፤ ከሐራ ገበያ እስከ መቀሌ ሊዘረጋ በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው የምድር ባቡር ሥራ የተሰጠው ለአንድ ታላቅ የቻይና ኩባንያ ነበር። ድልድዮቹ ቆመው፥ ዋሻዎቹ ተፈልፍለው ሳለ፥ መጀመሪያ የገንዘቡ ነገር አዘገየው፥ በኋላም ጦርነቱ አቋረጠው፤ ሐዲዱ እስከ ዛሬ መቀሌ አልደረሰም። የቻይናን ጉልበት ከዚህች ከተማ ሆኖ ለሚመዝን ሰው፥ ተራራ የመብሳት ዐቅሟ በዚያ መሥመር ላይ በግልጥ ተጽፏል፤ የባንኮቿ ትዕግሥት ወሰንም እንዲሁ። ናፒየር ከዙላ የዘረጋው ሐዲድ ጦሩን መልሶ ከጫነ በኋላ ተነቅሎ ሄዷል። ይኸኛው ግን ለእኛ ጨው፥ ለእኛ ሲሚንቶና ለእኛ እህል የታሰበ ስለ ሆነ፥ ገንዘቡን የሚሰጠው ማንም ይሁን ማን፥ ሥራውን ማስፈጸም የኢትዮጵያ መንግሥትና የትግራይ አስተዳደር ግዴታ ነው፤ ሁለቱም በየዓመቱ በሚያወጡት በጀት ውስጥ ይህን መሥመር በስም ጠርተው፥ ስንት ኪሎ ሜትር እንደቀረውና በስንት ዓመት እንደሚጨርሱት ለሕዝብ ሊነግሩ ይገባቸዋል።